ኢንተርኔት ሲዘገይ ሳይመረምሩ ስላለመፍረድ



የቤት ሰላም ብዙ ጊዜ የሚታወከው በትልቅ ነገር አይደለም፤ በጊዜው ባልተመረመረ በትንሽ ነገር ነው። ዛሬ የምንጽፈውም በብዙ ቤት ጠብ ስለሚያስነሣው ስለ ኢንተርኔት መዘግየት ነው። ልጆች ትምህርታቸውን የሚከታተሉበት፥ አባት የመሥሪያ ቤቱን ጕዳይ የሚፈጽምበት፥ እናት በውጭ አገር ያለች ልጇን መልኳን እያየች የምታነጋግርበት መሣሪያ ስለ ሆነ፥ ባዘገመ ጊዜ ኀዘኑ የቤተ ሰቡ ሁሉ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል። ወይም «ጨዋታ ብታበዙ ነው» ብሎ ልጆቹን ተቈጥቶ ስልካቸውን ይቀማል፤ ወይም በየወሩ የሚከፍለውን ገንዘብ ጨምሮ ከፍ ያለ ፍጥነት ይገዛል። ልጁም ጥፋቱ ሳይታወቅ ይቀጣል፥ ገንዘቡም ይወጣል፥ ኢንተርኔቱ ግን እንደ ቀድሞው ያዘግማል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና፥ ግራ ቀኙ ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ ሁሉ፥ በዚህም ነገር አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ኢንተርኔት ወደ እጃችን የሚደርሰው በሁለት መንገድ ተከፍሎ ነው። የመጀመሪያው መንገድ አገልግሎቱን ከሚሰጠው ድርጅት ተነሥቶ፥ በመዳብ ሽቦ ወይም በፋይበር እስከ ራውተሩ ይመጣል። ሁለተኛው ከራውተሩ ተነሥቶ፥ ዋይፋይ በሚባለው የአየር ሞገድ ወደ ስልካችንና ወደ ኮምፒውተራችን ይደርሳል። ራውተር ማለት እንደ አጋፋሪ ያለ ነው፤ ከደጅ የመጣውን ተቀብሎ በቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ ለየራሳቸው ያደርሳል። ስለዚህ የምርመራው መጀመሪያ፥ ጕድለቱ ከአጋፋሪው በፊት ነው ወይስ ከአጋፋሪው በኋላ ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህንም ለማወቅ፥ ሌሎቹን መሣሪያዎች ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ከኢንተርኔት አውጥቶ፥ አንድ ኮምፒውተር በገመድ ከራውተሩ ጋራ አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት ነው። ቀጥሎ ገመዱን ነቅሎ በዚያው ኮምፒውተር በዋይፋይ፥ መጀመሪያ ከራውተሩ አጠገብ፥ በኋላም ከመኝታ ቤት ሆኖ መለካት ነው። ጧት፥ ቀትርና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እየለኩ ቍጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ በወረቀት መጻፍ ይገባል። በገመድ የተለካው ከውሉ ጋራ ተቀራርቦ በዋይፋይ የተለካው ካነሰ፥ ጕድለቱ ከቤታችን ነው። በገመድም ቢሆን ዘወትር ካነሰ፥ ነገሩ ከራውተሩ ወይም ከውጭው መስመር ነው።

ቍጥሩን ስናነብ በመለኪያ እንዳንሳሳት እንጠንቀቅ። ድርጅቱ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ኮምፒውተራችን የሚቀበለውን ጽሑፍና ሥዕል የሚቈጥረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሜጋባይት ነው፤ 1 ባይትም 8 ቢት ነው። 10 ሜጋቢት የገዛ ሰው በሰከንድ የሚደርሰው 1.25 ሜጋባይት ስለ ሆነ፥ 600 ሜጋባይት የሚመዝን ፊልም ቢፈጥን በ8 ደቂቃ ይደርሰዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ተታለልሁ ብሎ በከንቱ ይከሳል።

ጕድለቱ ከቤት ከሆነ፥ በመጀመሪያ የራውተሩን ስፍራ እንይ። በብዙ ቤት ራውተሩ ሽቦው በገባበት ማእዘን፥ ከቴሌቪዥን ኋላ ወይም ከቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ዳንቴል የሚያለብሱትም አሉ። ነገር ግን የድንጋይና የኮንክሪት ግንብ፥ ቆርቆሮና ትልቅ መስተዋት ሞገዱን ያደክሙታል፤ ልብሱም መሣሪያውን ያሞቀዋል። ስለዚህ ዳንቴሉን ገፍፎ፥ ከቤቱ መካከልና ከፍ ካለ ስፍራ ማኖር ይሻላል።

ሁለተኛ፥ የሞገዱን ዐይነት እንምረጥ። ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን የጎረቤት ራውተር ሁሉ ስለሚጋፋበት ይዘገያል፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም በዚያው አጠገብ ስለሚሠራ ያውከዋል። ከመስመሮቹም እርስ በርሳቸው የማይነካኩት 1፥ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ባለ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግንብ ግን ያቆመዋል። ራውተሩ ባለበት ክፍል ሁለተኛውን፥ ራቅ ባለው ክፍል ፊተኛውን መያዝ ይበጃል።

ሦስተኛ፥ ተካፋዮቹን እንቍጠር። ከራውተሩ ጀርባ በተጻፈው አድራሻ ወደ ማዘዣው ገጽ ቢገቡ፥ የተገናኙት መሣሪያዎች ስም ዝርዝር ይገኛል። የማናውቀው ስም ቢገኝ የይለፍ ቃሉን መለወጥ፥ ጥበቃውንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. በወጣው በደብሊዩፒኤ 2፥ ቢቻል በ2018 ዓ.ም. በወጣው በደብሊዩፒኤ 3 ማድረግ ነው። ከቤት ሰዎች መካከል ደግሞ አጥፊው ብዙ ጊዜ ያልተጠረጠረው ነው። የአባት ስልክ በቀን የተነሡትን ሥዕሎች ሁሉ ማታ በዝምታ ወደ ማከማቻ ይልካል። በመዳብ ሽቦ በሚመጣ ኢንተርኔት የመላኪያው መንገድ ከመቀበያው የጠበበ ስለ ሆነ፥ እርሱ ሲሞላ መቀበሉም ይዘገያል። እነሆ፥ ስልኩን የተቀማው ልጅ ንጹሕ ነበረ። ይህን መላኪያ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ እንዲሠራ ማዘዝ ይበቃል።

አራተኛ፥ ራውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቈይቶ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ይረዳል። በጀርባው ባለችው ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ቍልፍ ግን ባለሙያ ሳያዝ መጫን አይገባም፤ ድርጅቱ የጻፈበትን ትእዛዝ ሁሉ ትደመስሳለችና። ገመዱንም እንመልከት፤ አሮጌ ወይም የተቀጠፈ ገመድ ብዙ የተገዛውን ፍጥነት ያስቀራል። ስልክና ኢንተርኔት በአንድ ሽቦ በሚመጡበት ቤት፥ ስልኩ ሲነሣ የሚንሿሿ ከሆነ ሽቦው እንደ ታመመ ምልክት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በገመድ የተለካው ፍጥነት አሁንም ከውሉ ካነሰ፥ የተጻፈውን ወረቀት ይዞ ወደ ድርጅቱ መሄድ ነው። «ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ነው» የሚል አቤቱታ መልሱ ቀላል ነው፤ ቀን፥ ሰዓትና ቍጥር ያለበት አቤቱታ ግን በቀላሉ አይመለስም። ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል የሚገባውም፥ በገመድ የተለካው ከውሉ ጋራ ተካክሎ፥ የቤተ ሰቡ ሥራ ግን ከዚያ የበለጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

እንግዲህ የቤት አባትና እመቤት ይህን ምርመራ ልጆቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ቢያደርጉት መልካም ነው። ልጆቹ መሣሪያውን ከእኛ ይልቅ ያውቁታልና ይረዱናል፤ እነርሱም ደግሞ በቤታቸው ሳይመረመር የማይፈረድ መሆኑን በዐይናቸው አይተው ያድጋሉ።