ክሩ ሲበጠስ የሚቆም ሥራ

ሽሮ ሜዳ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ የተቀመጠ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው መወርወሪያው ድንገት ቀጥ የሚልበትን ቅጽበት ያውቀዋል። አንድ ድር ተበጥሷል። ሸማኔው የቀረውን ክንድ እያሰላ አይቀጥልም፤ ጎንበስ ይላል፣ ሁለቱን ጫፎች ፈልጎ ያገናኛል፣ በጣቱ አክርሮ ይቋጥራል። ከዚያ በኋላ ነው መወርወሪያው የሚነሳው።

ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 እ.ኤ.አ. የሠራው አውቶማቲክ የሽመና ማሽንም አንዱ ትልቅ ብልሃቱ ይኸው ነበር፤ ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆማል። ልጁ ኪይቺሮ ወደ መኪና ሥራ ሲገባ ሐሳቡም አብሮት ገባ። በቶዮታ ፋብሪካ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ገመድ ተዘረጋ፤ እንከን ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፤ ችግሩ እዚያው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። አለቃው የሚመጣው ሠራተኛው ምን እንደገጠመው ለመጠየቅ ነው።

ካይዘን የተባለው የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ወደ ሀገራችን የመጣው ከዚህ ቤት ነው። በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱን «ማ»ዎች በቃላችን ያዝን፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አሰመርን፣ መደርደሪያውን ለየን፣ ሰሌዳ ሰቀልን። ገመዱ ግን በብዙዎቻችን መሥሪያ ቤት አልተዘረጋም። ይህን ማኒፌስቶ የምንጽፈው ስለዚያ ገመድ ነው።

እኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በባንክና በፋብሪካ የምንሠራ ሰዎች ነን። ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ ግምገማ፣ የጠዋት ስብሰባ ጠላቶቻችን አይደሉም። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ሲመጣ፣ አሥር ጠረጴዛ ይዞር የነበረ ፋይል በአንድ መስኮት ሲያልቅ ያየን አለን። ባለጉዳይ ረግሞ ሳይሆን መርቆ ሲወጣ ሰምተናል። ልማዶቹ ጥሩ ነበሩ። የምንናገረው ጥሩ ልማድ ሥራውን ማገልገል ትቶ ሥራውን መብላት ስለሚጀምርበት ቀን ነው።

ያንን ቀን እኔ፣ ይህን የማረቅቀው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ነገ ሱፐርቪዥን ይመጣል ተባለ። የ1ለ5 የውይይት ቡድናችን ቃለ ጉባኤ መዝገብ የ7 ሳምንት ክፍተት ነበረበት። አምስታችን ጠረጴዛ ከበን ያላደረግነውን ውይይት መጻፍ ጀመርን። አንዱ ቀኑን ይጠራል፣ አንዷ አጀንዳውን፣ እኔ እጽፋለሁ። በአንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል ጥቁርና ሰማያዊ እስክሪብቶ አቀያየርን። ከመስተዋቱ ማዶ አንዲት እናት ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ነገ ልምጣ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ነገ ይምጡ።»

በማግስቱ መዝገባችን ተመሰገነ። እሳቸው ይምጡ አይምጡ አላየሁም፤ ቀኑን ሙሉ ከሱፐርቪዥኑ ጋር ነበርኩ።

1ለ5 ሲጀመር ሐሳቡ የቡድኑ አባላት ተቀምጠው በገጠማቸው ላይ እንዲወያዩ፣ አንዱ ከሌላው እንዲማር ነበር። ያን ሐሙስ አምስታችን በእርግጥ ተቀምጠናል፣ በእርግጥም ተባብረናል። የገጠመን ችግር ግን መስተዋቱ ማዶ ቆሞ ነበር፤ አጀንዳ አልያዝነውም።

ይህ የሰነፍ ሠራተኛ ታሪክ ብቻ ቢሆን ማኒፌስቶ ባላስፈለገው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ የተናገረው እዚህም ይሠራል፤ አንድን መለኪያ መቆጣጠሪያ ስታደርገው መለካቱን ይተዋል። ውጤት ተኮር የምንለውን የምዘና ሥርዓት አሜሪካውያኑ ካፕላንና ኖርተን በ1992 እ.ኤ.አ. ሲያቀርቡት፣ መሪዎች የገንዘብ ቁጥር ብቻ እያዩ እንዳይታለሉ፣ ደንበኛውን፣ የውስጥ አሠራሩንና መማሩን ጭምር እንዲያዩ ብለው ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከ100 የሚሞላ ነጥብ ሆነ። በየስድስት ወሩ ሁላችንም ዘጠናዎቹ ውስጥ ነን፤ ወረፋው ግን እዚያው ነው።

ሥሩ የት እንዳለ ብዙ አሰብንበት። አዲስ ፎርማት የሚያመጣ ሰው አለው፤ ይመሰገንበታል። አሮጌውን ለማንሳት ግን ሥልጣን ያለው የለም። እያንዳንዱ ሲጨመር «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» ይባላል፣ እውነትም አምስት ደቂቃ ነው። የቀን፣ የሳምንት፣ የወር፣ የሩብ ዓመት፣ የዘጠኝ ወር ሪፖርት፤ በዚያ ላይ ሥራ ስንሠራ የሚያሳይ ፎቶ ለቴሌግራም ግሩፑ። ማንም ክፉ ሳያስብ ጠዋቱ ያልቃል። ከአምስቱ «ማ»ዎች የመጀመሪያው ማጣራት፣ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት አልነበር? መደርደሪያውን አጣርተናል። ስብሰባውን አጣርተን አናውቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ማንኛውም ልማድ፣ ስብሰባም ሆነ ቅጽ፣ ሊፈታ የመጣበት ችግር በላዩ ላይ ይጻፍበት፤ እንደገና የሚታይበት ቀንም ይቆረጥለት። ያ ቀን ሲደርስ ችግሩ ከሌለ ልማዱ በክብር ይሰናበት። አንባቢ የሌለው ሪፖርት አይጻፍ። ባለጉዳይ በሚስተናገድበት ሰዓት መስኮት ተዘግቶ ስለ ባለጉዳይ እርካታ ስብሰባ አይደረግ። ከ11:30 በኋላ ለመጣ መልእክት ያልመለሰ ሠራተኛ በስንፍና አይጠረጠር፤ ራት ላይ ከልጆቹ ጋር ነው።

ከሁሉም በላይ ገመዱን እንጠይቃለን። የጥበቃ ሠራተኛው፣ የጽዳቷ፣ ትናንት የተቀጠረችው ልጅ፣ «ይህ ልማድ ሥራውን እየጎዳ ነው» ብለው ማስቆም ይቻላቸው። ኃላፊው መጥቶ መጀመሪያ ይጠይቅ፤ ደብዳቤ አይጻፍባቸው። አንዳንዱ ገመዱን ያለ ምክንያት ይስባል፣ አንዳንዴም የሚጠቅም ልማድ በስህተት ይቆማል፤ እናውቃለን። በስህተት የቆመ ስብሰባ በሳምንቱ መልሶ ይጠራል። እኚያን እናት ግን መልሼ ልጠራቸው አልችልም፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን የሚሆነው ይታየናል። ከገጠር የመጣ ገበሬ ጠዋት ገብቶ ከምሳ በፊት ጉዳዩን ጨርሶ የመልሱን አውቶቡስ ይሳፈራል። ባለሙያዋ አንድ ከባድ ፋይል ይዛ ማንም ሳያቋርጣት እስከ መጨረሻው ታስብበታለች። ሰኔ 30 ሲመጣ ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ነው፤ አንደኛው ገጽ ያቃተንን ይናገራል፣ የጻፈውም ሰው ሳይፈራ ፈርሞበታል።

እስከዚያው ከራሳችን ጠረጴዛ እንጀምራለን። ሰኞ ጠዋት 2:30፣ ስብሰባው ሲከፈት፣ አንዳችን እጅ አውጥቶ ይጠይቃል፦ «ባለፈው ወር የላክነውን ሪፖርት ያነበበው ማነው?» የሚጠራ ስም ካለ ሄደን ምን እንደጠቀመው እንጠይቀዋለን። ከሌለ የዚህን ወር አንጽፍም። ወንበራችንን አንስተን ወደ መስኮቱ እንሄዳለን፤ መጋረጃውን እንገልጣለን፣ ከፊት የቆመውንም ሰው ስሙን እንጠይቃለን።