ሳላዲን ከአህሊ ሲወጣ ምን አጠፋ?

በሜጫው፣ ከመራዊ

ክረምት ሲገባ መራዊ ውስጥ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ወሬያቸው ከጨዋታ ወደ ዝውውር ይዞራል። ማን ተሸጠ፣ ማን በውሰት ሄደ፣ የማን ኮንትራት አለቀ። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ያው ነው። ቀን ሲያርስ ወይም ሱቅ ሲጠብቅ የዋለ ወጣት ማታ ተሰብስቦ የእንግሊዝ ክለቦችን ሒሳብ ይሠራል፤ ሒሳቡንም አሳምሮ ይችለዋል። ቼልሲ ሮሜሉ ሉካኩን እ.ኤ.አ. በ2021 በ97.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከኢንተር ሚላን ገዝቶ ዓመት ሳይሞላ በውሰት ወደመጣበት እንደመለሰው፣ አርሰናል ለኒኮላ ፔፔ 72 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ በመጨረሻ ኮንትራቱን አቋርጦ እንዳሰናበተው በቃሉ ይነግራችኋል። ጥፋቱንም ያከፋፍላል፤ ይህን ያህል ለአሰልጣኙ፣ ይህን ያህል ለአሰላለፉ፣ ይህን ያህል ለገዢው። ይኸው ልጅ የኢትዮጵያው አጥቂ ሳላዲን ሰይድ ከግብፁ አል አህሊ ለምን ወጣ ቢባል ግን መልሱ አንድ ቃል ነው፤ «አልቻለም!»

ጠቤ ከዚህ ቃል ጋር ነው። ለሉካኩ የሚደረገው የጥፋት ክፍፍል ለራሳችን ሰው ሲሆን ለምን ይቀራል?

ሳላዲን የቤንሻንጉል ጉሙዝ ልጅ ነው፤ ከቡሬ ዓባይን ተሻግሮ በነቀምቴ በኩል ወደ ምዕራብ ለሚዘልቅ መንገደኛ አገሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙን ካስጠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ ሄደ። ዋዲ ደግላና የቤልጂየሙ ሊርስ የአንድ ባለቤት ስለነበሩ በውሰት አውሮፓንም አይቶ ተመለሰ። በመካከሉ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም አለ። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ያን ቀን አዳነ ግርማ አንዱን፣ ሳላዲን ሌላውን አገቡ። ሦስት ወር አልፎ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ስንጫወት ሳላዲን የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው ኬኔዲ ምዌኔ መለሰበት። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶብን፣ በጎደለ ሰው፣ አዳነ ባገባት ግብ 1 ለ 1 ተለያየን። እስከ ዛሬ «ሳላዲን» ሲባል ከሱዳኗ ግብ ይልቅ የሳተውን ቅጣት ምት የሚያነሣው ይበዛል። አል አህሊ ከመግባቱ በፊትም ቢሆን ፍርዱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት አህሊ ሲገባ ክለቡ የግብፅን ሊግ ለዓመታት ለማንም ሳያስነካ የቆየ፣ በአህጉሩም ከእሱ የበለጠ ዋንጫ ያነሣ የሌለ ቤት ነበር። አሰልጣኙ ስፔናዊው ሁዋን ካርሎስ ጋሪዶም አዲስ ነበር። ዓመቱ በጥሩ ተጀመረ፤ መስከረም ላይ ዛማሌክን በመለያ ምት አሸንፎ ሱፐር ካፑን ወሰደ፣ ታኅሣሥ ሲቃረብም የኮንፌዴሬሽን ዋንጫን ያነሣ የመጀመሪያው የግብፅ ክለብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ሊጉን ዛማሌክ ወሰደው፣ ጋሪዶ ዓመቱ ሳያልቅ ተባረረ። ሳላዲን ደግሞ ጉዳት ከሜዳ አርቆት አብዛኛውን ወቅት ሌሎች ሲጫወቱ አየ። ክረምቱ ሲመጣ አህሊ ጋቦናዊውን ማሊክ ኢቮናንና ጋናዊውን ጆን አንትዊን አስፈረመ። ሁለቱም አጥቂዎች፣ ሁለቱም የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ሳላዲን ወጣ፤ ወደ አልጄሪያው ኤምሲ አልጀር አመራ።

ነገሩ የሚገባው እዚህ ላይ ቆም ላለ ሰው ነው። የግብፅ ክለብ የሚያስመዘግበው የውጭ ተጫዋች በቁጥር የተገደበ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ቁጥሩ ጥቂት ነበር። ግብፃዊ አጥቂ ጉልበቱን ቢጎዳ ክለቡ የሚያጣው እሱን ብቻ ነው። የውጭው ሲጎዳ ግን አልጋ ላይ ተኝቶም ቢሆን ከጥቂቶቹ ቦታዎች አንዷን ይዟል። ሐኪሙ «ስድስት ወር» ባለ ቁጥር የአስተዳደሩ ሰዎች የሚሰሙት «ስድስት ወር የታሰረ ቦታ» የሚለውን ነው። የተከራዩት በሬ ቢያነክስ አስታሞ የሚያርስበት ገበሬ የለም፤ ለባለቤቱ ይመልሰዋል። ችሎታው የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው፣ ከተጠየቀ።

እና አህሊ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ሊጉን ለዛማሌክ አስረክቦ ደጋፊ የሚጮህበት ክለብ አጥቂ መለወጡ ያለ ነው፤ እኔም አስተዳዳሪው ብሆን ሳላዲንን ሳልለውጠው እቀር ነበር ብዬ አልምልም። የምለው፣ ለአንድ የአፍሪካ ክለብ የውጭ አጥቂ የሚሰጠው ጊዜ ለሉካኩ ከሚሰጠው ጋር አይመሳሰልም ነው። ሉካኩ ቼልሲ ላይ ሳይሆንለት ሲቀር ኢንተር ተቀበለው፣ ሮማ ተቀበለው፣ ናፖሊ ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ከናፖሊ ጋር የጣሊያንን ሊግ አሸነፈ። የወደቀበት ዓመት ስሙ ላይ አልተጻፈም። ለሳላዲን ከአህሊ በታች ያለው መሰላል አጭር ነበር፤ አልጀር፣ ከዚያ አገር ቤት። 2008 ዓ.ም ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመለሰ።

ተመልሶስ? እ.ኤ.አ. በ2017 ፈረሰኞቹ ጊዮርጊሶች የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገቡ፤ ከኢትዮጵያ ክለብ እዚያ የደረሰ ከዚያ በፊት አልነበረም። የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ የቱኒዙ ኤስፔራንስና የኮንጎው ቪታ ክለብ በነበሩበት ምድብ የቡድኑ የፊት መስመር ሰው «አልቻለም» የተባለው ሳላዲን ነበር።

ሌላውን አጥቂ ጌታነህ ከበደንም አስቡት። እ.ኤ.አ. ከ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄደ፤ እንደታሰበው አልሆነም፤ በውሰት ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፕሪቶሪያ ተጫወተ፤ ወደ ደደቢት ተመለሰ። ያኔም «ከሽፎ መጣ» የሚል አልጠፋም። 2009 ዓ.ም ላይ 25 ግብ አግብቶ ዮርዳኖስ ዓባይ በመብራት ኃይል ማልያ በ1993 ዓ.ም ያስመዘገበውን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ከ16 ዓመት በኋላ ሰበረ። ጋቶች ፓኖም እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ ሩሲያው አንዚ ማካቻካላ ሄዶ ብዙ ሳይሰነብት ተመለሰ፤ የእሱን እዚህ አላስረዝምም።

የአቡበከር ናስር ግን ይረዝማል፤ ምክንያቱም የእሱን ታሪክ የእኛ አካባቢ ሰው በዓይኑ አይቶታል። 2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በሱፐርስፖርት መታየት የጀመረበት ዓመት ነው። ያን ዓመት ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ባሕር ዳርም ተራው ደርሶት ነበር። የመራዊ ሰው ለእንግሊዝ ኳስ ብቻ ይከፍትበት የነበረው ስክሪን በድንገት የራሱን ሊግ አሳየው፤ ቡናማዎቹን ኢትዮጵያ ቡናዎችን፣ በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ዋንጫቸውን የወሰዱትን የፋሲል ከነማ ዐፄዎች፣ የባሕር ዳር ከነማ የጣና ሞገዶችን። አቡበከር ለቡና 29 ግብ አገባ። የጌታነህ 25 በአራት ዓመቱ ወደቀ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ስናሸንፍ ከአግቢዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ሰንዳውንስ የወሰደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ስላየው። በመጀመሪያ ዓመቱ የደቡብ አፍሪካን ሊግ ያሸነፈ ቡድን አባል ሆነ። ከዚያ ጉዳት መጣ። የደቡብ አፍሪካ ክለብ የሚያስመዘግበው የውጭ ተጫዋች ደግሞ አምስት ነው። ቀሪውን ከሳላዲን ታሪክ መገመት ይቻላል፤ ረጅም ሕክምና፣ በእያንዳንዱ መስኮት «ይመዘገባል? አይመዘገብም?» የሚል ወሬ፣ እዚህም «ምን ሆነ?» ሳይሆን «ምን አጠፋ?» የሚል ጥያቄ።

ወሬውም ለእኛ የሚደርሰው ተቆራርጦ ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ የዝውውር ዜና በሬዲዮና ከባሕር ዳር በሚመጣ ሰው አፍ ነበር የሚሰማው። በዚህ መንገድ የሚጓዝ ዜና ዝርዝሩ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። «በጉዳት ምክንያት ከምዝገባ ውጭ ሆነ» ብሎ የተነሣ ወሬ መራዊ ሲደርስ «ተባረረ» ይሆናል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በዜናው ላይ አልደፈድፈውም። «አልቻለም» የሚለውን ፍርድ ያስተማረን የገዛ ሊጋችን ነው። እዚህ አንድ ተጫዋች በአንድ ክለብ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይፈርማል። አብዛኛው ክለብ የከተማ አስተዳደር ክለብ ነው፤ በጀቱ ከምክር ቤት ይመጣል፣ ውጤት ሲጠፋ ሹሙ አሰልጣኙን ይቀይራል፣ አዲሱ አሰልጣኝ ሲመጣ የራሱን ልጆች ይዞ ይመጣል። ክረምት ላይ ግማሽ ቡድን ይወጣል፣ ግማሽ ቡድን ይገባል። ክለቦቹ 2011 ዓ.ም መጨረሻ ላይ የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ፤ ስለ ብሩ እንጂ ስለ ኮንትራቱ ዕድሜ የተነጋገረ ብዙ አልነበረም። በዚህ ሊግ ከክለብ መውጣት የዓመት ልማድ ስለሆነ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። የተጫዋቹን ጉልበት ያከመው ሐኪምም፣ ሥልጠናውን የመዘነለት ሰውም በየዓመቱ ይለወጣል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ልጅ ነው ካይሮ ወይም ፕሪቶሪያ ሄዶ በዓመት ስልሳ ጨዋታ የለመደ ቡድን ውስጥ የሚገባው። ሰውነቱ ቢሰበር ይገርማል?

ሌላም አለ። ባሕር ዳር ስታዲየም ያን የማዳጋስካር ቀን ካስተናገደ ዓመት ሳይሞላው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ደረጃውን አያሟላም ብሎ አገደው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከዚያ ወዲህ የሜዳቸውን ጨዋታ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ፣ በሞሮኮ ተጫወቱ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ ያን ጨዋታ ባሕር ዳር ላይ አይቶ «እኔም» የሚል የደጋ ዳሞት ወይም የጃቢ ልጅ ሊኖር በተገባ ነበር። ተጫዋቾቻችን የሚታዩበት ሜዳ ሲጠብ የሚወጡት አንድ አንድ እየሆኑ ነው፤ ዘግይተውም ነው። ሳላዲን አህሊ ሲገባ 25 ዓመቱ ነበር። አንድ አንድ የሚወጣ ሰው ላይ የአገር ተስፋ በሙሉ ይጫናል። ጋና ወይም ሴኔጋል አንድ አጥቂ ከአንድ ክለብ ቢለያይ ሌሎች ሃያ ስላሏቸው ማንም አያለቅስም፣ ማንም አይሰድብም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ስታዲየሙ በጀት ይፈልጋል፣ ይህኛው አይፈልግም። ጌታነህን ከመጥፋት ያተረፈው ውሰት ነው፤ ዊትስ ላይ ቦታ ሲያጣ ሌላ ሜዳ ተገኘለት። ከጣና ሞገዶችም ሆነ ከቡና ቀጥሎ ወደ ውጭ የሚፈርመው ልጅ ውሉ ውስጥ ሁለት መስመር ይኑርለት። አንዱ፣ በጉዳት ከምዝገባ ውጭ ከሆነ ክለቡ በውሰት ሊሰጠው እንደሚገደድ። ሌላው፣ ሕክምናው እስኪያልቅ ደመወዙ እንደማይቋረጥ። ፌዴሬሽኑ የዝውውር ወረቀት ሲያጸድቅ እነዚህን መስመሮች ይፈልግ። ወኪሉ ስለ ፊርማው ገንዘብ ብቻ ተከራክሮ የመጣ ከሆነ ወረቀቱን ይመልስለት።