ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱንም እንማር



በዕረፍት ቀናችን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንሰባሰብ ከማይቀሩት ወሬዎች አንዱ የሆድ ሕመም ነው። አንዷ «ጨጓራዬ አቃጠለኝ»፣ ሌላዋ «ሆዴን ነፋኝ»፣ ሦስተኛዋ «ከሰኞ ጀምሮ ያስቀምጠኛል» ትላለች። ወዲያው መድኃኒት አዋቂው ይበዛል። በተለይ ከፊሊፒንስ እህቶቻችን የተገኘ ቅጠል በፌስታል ተጠቅልሎ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እናያለን። ስለዚህ ጉዳይ የሚሰማንን ልንነግራችሁ ወደድን።

በቅድሚያ ፊሊፒኖቹን እናመስግን። ሆዳችንን ይዘን ሲያዩን ዝም ብለው አያልፉም። «ሳላባት» የሚሉትን፣ ዝንጅብል ተቀጥቅጦ ከስኳር ጋር የሚፈላውን፣ በብርጭቆ ይዘው ይመጣሉ። ለተቅማጥ «ባያባስ» የሚሉትን ቅጠል ይቀቅላሉ። ይህ እኛ አገር ዘይቱን የምንለው ፍሬ ቅጠል ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ በዐረብ አገር «ዘይቱን» ብትሉ የሚሰጣችሁ የወይራ ፍሬ ነው። የእኛው ዘይቱን በዐረብኛ «ጀዋፋ» ይባላል። ለሆድ ቁርጠት ደግሞ ስሙ የታወቀው «ቻአንግ ጉባት» ነው፤ የጫካ ሻይ ማለት ነው። ቅጠሉ ታጥቦና ተከትፎ በአንድ ብርጭቆ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይፈላል፤ ከዚያ ቀዝቀዝ ሲል ተጠልሎ ይጠጣል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ይህ ነው። በእነርሱ አገር ነገሩ ከአያት የተወረሰ ልማድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የፊሊፒንስ ጤና ሚኒስቴር በ1992 እ.ኤ.አ.፣ ጁዋን ፍላቪየር ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ ሕዝቡ እንዲጠቀምባቸው 10 ዕፅዋትን መርጦ አስተዋወቀ። ቻአንግ ጉባትና ባያባስ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ የባህል ሕክምናን የሚመለከት ሕግ ወጣ። ከዕፅዋቱም ጋር ሥርዓት አብሮ ተሰጠ፦ ለአንድ ሕመም አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ እንጂ አትደባልቁ፤ በሸክላ ድስት፣ ሳትከድኑ፣ በቀስታ እሳት አፍሉ፤ ሰውነት ካሳከከ ወይም ካበጠ አቁሙ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠጥታችሁ ካልተሻላችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ቅጠሉን ተቀበልን፣ ሥርዓቱን ተውን። የእነርሱን ቅጠል ከእኛው ጤና አዳምና ዳማከሴ ጋር ደባልቀን፣ በላዩ ላይ የራስ ምታት ክኒን ጨምረን ለሳምንት የምንጠጣ አለን።

«እናቶቻችን ያለ ልክ ጠጥተው ምን ሆኑ?» የምትል እህት ትኖራለች። እናቶቻችን ግን ልክ ያውቁ ነበር። ኮሶን የሚያውቁ ሰዎች ከልኩ ካለፈ ዓይንን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ስለሚያውቁ ይፈሩት ነበር። ፊሊፒኖችም ለሆድ ትል የሚወስዱትን «ኒዮግ ኒዮጋን» የተባለ ፍሬ እንደ ዕድሜው ቆጥረው ነው የሚሰጡት፤ ከ4 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጡም፣ ሲበዛ ስቅታ ያስነሳል። ጤና አዳምም ቢሆን ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። አገር ቤት ቅጠሉን የምትለይ እናት አጠገባችን ነበረች። እዚህ ግን ስሙን የማናውቀውን ደረቅ ቅጠል፣ ማን እንደለቀመው ሳናውቅ እንጠጣለን።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ብዙ ጊዜ ቅጠሉን የምንጠጣው ስለሚያድነን አይደለም። ለማዳም «አሞኛል» ማለት ስለምንፈራ ነው። «ደመወዜን ትቆርጥብኛለች፣ ወደ ቢሮ ትመልሰኛለች» ብለን ሕመሙን በሻይ እንሸፍነዋለን። ፍርሃቱን እናውቀዋለን፣ አንፈርድባችሁም። ነገር ግን ሻይ የማይሸፍነው ሕመም አለ። እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ የሚወርድና ትኩሳትና ማስመለስ ያለው ሕመም የትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል፤ ከፈነዳ ሕይወት ያጠፋል። ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሆድ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ብርቱ ቁርጠት፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬውኑ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው። «በጥኒ ዩጀዕኒ፣ ሙስተሽፋ» የሚሉትን ቃላት በቃላችሁ ያዙ፤ የምትኖሩበትን አገር የአምቡላንስ ቁጥርም ጻፉት።

ለሚያስቀምጣት ደግሞ ከማንኛውም ቅጠል የሚቀድመው የወጣውን ውሃ መተካት ነው። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣ ቶሎ ቶሎ ትጠጣ። ጨጓራ የሚያቃጥላትም በባዶ ሆድ ቡናና የራስ ምታት ክኒን ትተው፤ ቤቱ ሁሉ እስኪበላ ድረስ እስከ እኩለ ሌሊት ጾሟን አትዋል፤ ጥቂት ዳቦም ቢሆን በጊዜ ትቅመስ።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ከምድር የሚወጣውን መድኃኒትም ሐኪሙንም አክብሮ ይናገራል። አንዱን በሌላው አልሻረም። እኛም የፊሊፒኖ እህታችን በፍቅር ያፈላችልንን ሻይ አመስግነን እንጠጣ፤ ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ካልተሻለን ግን እንናገር። ለማዳም መናገር ያቃታት ለጎረቤት ትናገር፣ ለቤተ ክርስቲያን ትደውል። አገር ቤት ያሉ ልጆቻችንና እናቶቻችን የሚጠብቁት ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን እኛኑ በጤና ነው።

የድንግል ማርያም ልጅ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጤናችሁን ይጠብቅልን። አሜን።