ሐዲዱን ከመግዛታችሁ በፊት እርሳስ አንሱ



ቅዝቃዜው ሲበረታና ውጭ መጫወት ሲያስቸግር ፊታችንን ወደ ቤዝመንት እናዞራለን። አንዳንዱ ቤት እዚያ ያለው አሮጌ ሶፋና ያልተፈታ ሻንጣ ነው። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ልጁ ወይም ልጅቷ "የባቡር ሐዲድ እንዘርጋበት" ብለው ከጠየቁ ቆይተዋል። እኔ ዛሬ የምናገረው ለዚህ ለሁለተኛው ቤት ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይኸው፦ እሺ በሏቸው፤ ግን አንድም ሐዲድ ሳይገዛ ፕላኑ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይውጣ፤ እርሳሱንም ልጆቹ ይያዙ።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ለገና አንድ ካርቶን ሙሉ ባቡር ይገዛል። ሐዲዱ ወለል ላይ በክብ ይዘረጋል፤ ባቡሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አሁንም ይዞራል። በሳምንቱ ልጁ ይሰለቸዋል፤ ካርቶኑም ከሻንጣዎቹ ጎን ይቀመጣል። ከዚያ "ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አልነበረም?" ይባላል። ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም። ባቡሩ የሚሄድበት አገር አልተሰጠውም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ሐዲድ እንግዛ?" አይደለም። "ባቡሩ ከየት ተነስቶ ወዴት ይሄዳል? ምንስ ይጭናል?" ነው። ለዚህ ጥያቄ እኛ ከቤታችን የሚወጣ መልስ አለን። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ምድር ባቡር ሥራ ከጅቡቲ በኩል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው ሐዲዱ እዚያ ስለደረሰ ነው። "ለገሃር" የምንለው ስም እንኳ "ላ ጋር" ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም "ባቡር ጣቢያው" ማለት ነው። ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ቡና ይጭናል፤ ሲመለስ ከወደቡ የመጣ ዕቃ ይዞ ይወጣል። ይኸው፣ መነሻም መድረሻም ጭነትም አገኘን።

ልጆች፣ አሁን ደብተራችሁን አውጡ። በብዛት የሚሸጠው የሞዴል ባቡር መጠን "ኤች ኦ" ይባላል፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። የድሮው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለ87 አካፍሉት። ስንት መጣ? 9 ኪሎ ሜትር! የማንም ቤዝመንት 9 ኪሎ ሜትር የለውም። ስለዚህ "ሁሉንም እንሥራ" ማለት ምንም አለመሥራት ነው። አንድ ቦታ ምረጡ።

አዋሽን ብትመርጡ ድልድይና ገደል ትሠራላችሁ። ድሬዳዋን ብትመርጡ ባቡሮች የሚጠገኑበትን ወርክሾፕ ትሠራላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ለጀማሪ ለገሃርን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ለገሃር መስመሩ የሚያልቅበት ጣቢያ ነው፤ ባቡሩ አይዞርም፣ ይገባና ይቆማል። ከዚያ ሥራ ይጀመራል። የሚጎትተው ሞተር ከፉርጎዎቹ ይፈታል፣ በጎን ባለው ሐዲድ ዞሮ በሌላው ጫፍ ይታሰራል፣ ከዚያ ለመመለስ ይዘጋጃል። ልጁ ተመልካች መሆኑ ይቀርና የጣቢያ ሹም ይሆናል። ደግሞም እንዲህ ያለ ጣቢያ አንድ ግድግዳ ይበቃዋል፤ 100 ሜትር የሚሆን የመሳፈሪያ መድረክ በዚህ መጠን 1 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

አሁን ሜትር ይዛችሁ ወደ ቤዝመንት ውረዱ። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ነው እንበል። በባለ ካሬ ወረቀት ላይ አንዱን ካሬ 10 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሣሉት። በመጀመሪያ መነካት የሌለባቸውን አጥቁሩ፦ የቤት ማሞቂያው፣ የውሃ ቦይለሩ፣ የፊውዝ ሳጥኑ፣ በሩና መስኮቱ። እነዚህ ጋ ባለሙያ መድረስ አለበት፤ በአደጋ ጊዜም መውጫ ያስፈልጋል። ግድግዳው እርጥበት ካለው እሱ ይቅደም፤ እርጥበት ኮምፔርሳቶውን ያጣምማል፣ ሐዲዱንም ያበላሻል።

ቀጥሎ ክንዳችሁን ለኩ። ባቡር ከሐዲድ መውጣቱ አይቀርም፤ እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ከወጣ ጨዋታው አበቃ። ለአዋቂ እንኳ ከ75 ሳንቲ ሜትር በላይ መንጠራራት ይከብዳል፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሁን። በካርቶን የሚሸጠው ክብ ሐዲድ ከዳር እስከ ዳር 90 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይሄዳል፤ ጠረጴዛው ከ1 ሜትር በላይ ሊሰፋ ነው። ግድግዳ ጥግ ካስጠጋችሁት ጀርባው አይደረስም። በግድግዳው ላይ የሚሄድ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ ግን የክፍሉን መሐል ለሰው ይተዋል። አፓርታማ የምትኖሩ ደግሞ "ኤን" የሚባለውን፣ 160 ጊዜ ያነሰውን መጠን አስቡ።

አንዲት ጠንቃቃ ተማሪ እዚህ ጋ እጇን ማውጣቷ አይቀርም። "የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። የሚሸጠው ግን 16 ተኩል ነው!" ልክ ብላለች። 16 ተኩል የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ካለው 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ በ5 ሚሊ ሜትር ምክንያት ሥራው አይቁም እላለሁ። ቤተሰቡ ተወያይቶ ይወስን፤ ውይይቱም የፕላኑ አካል ነው።

አንዳንድ ወላጅ "ለዚህ ጊዜ ከየት ይምጣ? ልጁ ቢያጠና አይሻልም?" ይላል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ሁለት ሥራ ሠርቶ ለሚገባ ሰው ቅዳሜ ማታ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ከላይ ያሉትን መስመሮች ቁጠሩልኝ፦ ማካፈል አለበት፣ ካርታ አለበት፣ ታሪክ አለበት። ፕላን ማውጣት ደግሞ ከወረቀትና ከእርሳስ ሌላ ወጪ የለውም። ከሁሉ በላይ፣ ልጁ የማያውቀውን ነገር ማን ይነግረዋል? ስልክ ይደወላል። "አያቴ፣ ባቡር ተሳፍረው ያውቃሉ? ጣቢያው ምን ይመስል ነበር? በመስኮት ምን ይሸጡ ነበር?" ስንት ጊዜ ነው "አያትህን ሰላም በል" ስንለው "ደህና ነዎት?" ብሎ ስልኩን የሚመልስልን? የሚጠይቀው ነገር ስለሌለው እኮ ነው። ፕላኑ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ አማርኛውም ሥራ ያገኛል። የድሮው ባቡር ከለገሃር መነሳቱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ የተሳፈሩበት ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው። ይህ ጥያቄ ለከርሞ ባይቀጠር መልካም ነው።

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ አንድ አደራ አለኝ፦ እርሳሱን አትቀሙ። መስመሩ ቢጣመም ይጣመም፤ ጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከጣቢያው ቢበልጥም ይብለጥ። እናንተ ጠይቁ፣ እነሱ ይሣሉ። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ መደርደሪያው በበር የሚያልፍ፣ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን እየሆነ ተቆራርጦ ይታቀድ። ቤት ስትቀይሩ ለገሃርም አብሯችሁ ይሄዳል።

ፕላኑ ሲያልቅ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና አንድ ሳምንት ተመላለሱበት። ማንም ካልተደናቀፈ፣ ያን ጊዜ ሐዲድ ግዙ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ባቡርም እንዲሁ።

መልካም ሥራ!