ካሣ ሲመለስ ምን ይዞ ይምጣ?

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ቴዎድሮስን በየጥራዙ እያስነሣን ማድከሙ ይብቃን። ለዚህች መጽሔት ከሚደርሱን ግጥሞች ገሚሱ መቅደላ ላይ ይጀምራል። ሹሩባው ይበተናል፤ ሽጉጡ ይጮኻል፤ ገጣሚው «ተነሥ አንበሳው!» ይላል፤ አንበሳውም ይነሣል። ከዚያስ? ከዚያማ ግጥሙ አለቀ። ሙት ማስነሣት በእኛ ግቢ ሁለት ስንኝ የማይፈጅ ሥራ ሆኗል። የተነሣው ሰው በማግሥቱ የት እንደሚያድር፣ ማን ደጅ ቆሞ ውሃ እንደሚለምን፣ የማንን ፊት ቀና ብሎ ማየት እንደሚያቅተው የሚጽፍልን ጠፋ።

እኛ የምንለው አጭር ነው። ከሞት የተመለሰ ኃያል እንደ ሄደ ሆኖ አይመለስም። ሞት የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ክንዱም ድምፁም ሌላ ነው። የእኛ ካሣ ግን በተመለሰ ቁጥር ከበፊቱ ይልቅ ፈርጥሞ፣ ያደረገውን ሁሉ ረስቶ ይመጣል። የሌላ አገር ተማሪ እንዲህ ቢጽፍ እሺ እንበል። የጎንደር ተማሪ እንዲህ ሲጽፍ ግን ዝም አንልም፤ ሰውየው ይህችን ከተማ አቃጥሏታላ!

ንጉሥን ከሞት የመመለስ ልማዳችን የትናንት እንዳይመስለን። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ ዓመት ያህል ብቻ የነገሠ ቀዳማዊ ቴዎድሮስ ነበረ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ፣ ያ ንጉሥ ከሞት ተነሥቶ ሺህ ዓመት እንደሚገዛ፣ በዘመኑም ጦርነት እንደሚቀር የሚያምን ሕዝብ አገኘ፤ በመጽሐፉም አሰፈረው። ፍካሬ ኢየሱስም ከመከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል ይላል። እንግዲህ የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም.፣ ስሜን ደጋ ላይ፣ ደጃች ውቤ ለራሱ ዘውድ ባሠራት በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀባ «ቴዎድሮስ» የሚለውን ስም የመረጠው በከንቱ አልነበረም። የተመለሰ ሙት ሆኖ ነው የነገሠው። ዘውዱም ቤቱም ለሌላ ሰው የተዘጋጀ፣ ስሙም ከእሱ በፊት የሞተ ሰው ስም!

አስተውሉ፤ ስሙና ኃይሉ ገና ከጅምሩ አልገጠሙም። ስሙ ጦርነት የሚያስቀር ንጉሥ ስም ነው። በእጁ ያለው ግን ጦር ብቻ ነው። ጉራምባ፣ አይሻል፣ ደረስጌ ላይ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ያላገጡበትን መሳፍንት አንድ በአንድ የጣለው በዚሁ ነው። ከነገሠ በኋላ ሌላ ኃይል ፈለገ። መንገድ አስጠረገ፤ ሠራዊቱ እንዲያይ ራሱ ድንጋይ ተሸከመ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የውጭ አገር ሚሲዮን ባለ እጆችን አስቀምጦ መድፍ አስቀለጠ። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በጂዳና በበሽሎ ገደል፣ መንገዱን እየጠረበ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተተ መቅደላ አወጣው። ይህን ሰው እንወደዋለን። ከፎካሪው ገጣሚ ይልቅ እኛ ሳንወደው አንቀርም። እስቲ ንገሩን፤ ሽጉጥ የጠጣውን ካሣ ስንት ሰው አስነሣው? ድንጋይ የተሸከመውንስ ማን አስነሣው?

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ።

በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘረፈ፤ አቃጠለም። የጎንደር 44 ታቦት ሲባል የምንኮራበት ቁጥር ነው፤ ከነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ከእሳቱ የተረፉት ጥቂቶች እንደነበሩ ግን አብሮ አይነገርም። መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ እየተጫኑ ሄዱ። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1880 ዓ.ም.፣ ደርቡሽ መጥቶ ያችኑ ጎንደርን ደግሞ አቃጠላት። ስለ ደርቡሽ እሳት ያልሰማ የጎንደር ልጅ የለም። ሥላሴን ንብ አዳናት የሚለውን ተረክ ከአያቶቻችን ጭን ላይ ተቀምጠን ሰምተናል። ታዲያ የመጀመሪያው እሳት የት ገባ? ከተማዋ ያችው፤ ሣር ክዳኑ ያው፤ የሚያለቅሰው ሰው ያው። የደርቡሹ እሳት ግፍ ተባለ፤ የካሣው እሳት «የንጉሡ ቁጣ» ተባለ። በግጥም ደግሞ ቁጣ ያምራል አይደል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ገና ይህን ሲያነቡ እንደሚሉን እናውቃለን። «ጎንደር የካህናትና የመሳፍንት ጎሬ ነበረች፤ አገር አንድ ላድርግ ብሎ የተነሣ ሰው ምን ያድርግ?» ይላሉ። እሺ። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የቀረውን መሬት ግብር የሚከፍል ገበሬ ይረሰው ማለቱን እኛም በጎ ሐሳብ እንለዋለን። ካህናቱ የተጣሉት በዚህ ነው፤ እውነት ነው። ግን ጎንደር ውስጥ የሚኖረው የአዲስ ዓለም ሙስሊም ነጋዴም መስፍን ነበር? ቤተ እስራኤል ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋም ደብተራ ነበሩ? እሳት ርስት ያለውንና የሌለውን ለይቶ ያቃጥል እንደሆነ የሚያውቅ ይንገረን።

«ይህ የእንግሊዞች ወሬ ነው» የሚሉም አሉ። የንጉሡን ጭካኔ የጻፈው እንግሊዝ ብቻ አይደለም፤ የአለቃ ወልደ ማርያምን ዜና መዋዕል አንብቡ። እኛ የምንወደው የአለቃ ዘነብን ነው፤ ውብ አማርኛ ነው፣ አንክድም፤ ነገር ግን ውድቀቱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ግማሽ ታሪክ አንብበን ሙሉ ሰው እናስነሣለን ስንል ነው ጣጣው።

ያንን የመጨረሻ ሳምንት ደግሞ በቀን በቀኑ ማየት ደግ ነው። በ1860 ዓ.ም. ሕማማት ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ታስረው የነበሩ ብዙ የአገሩን ሰዎች አስገደለ፤ ገደል የተወረወሩም አሉ። በስቅለት አሮጌ ላይ ሠራዊቱ በእንግሊዝ ጠመንጃና ሮኬት አለቀ። በፋሲካ ዕለት ለጄኔራል ናፒየር የበዓል ከብት ላከለት፤ ናፒየር አልቀበልም አለ። በማግሥቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አምባው ሲሰበር ከንግሥት ቪክቶሪያ በተላከለት ሽጉጥ ራሱን ገደለ። ከሞት ይነሣል በተባለ ንጉሥ ስም የተጠራ ሰው በትንሣኤ ማግሥት ሞተ። ገጣሚዎቻችን ከዚህ ሁሉ የሚወስዱት ሰኞን ብቻ ነው። ሐሙስን ግን ማን ይውሰድላቸው?

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የጻፉ ደራስያን እንኳ እንደ እኛ አልቀለዱም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ለመድረክ ሲያመጣው፣ ጎንደሬው ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ሲጽፍ፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» ብሎ ሲነሣ፣ መሳፍንቱ ሽፍታ ብለው የቀበሩትን ሰው ከውርደት ማውጣታቸው ነበር። ያ ሥራ በጊዜው ያስፈልግ ነበር። የብርሃኑን ርዕስ ልብ በሉልን፤ ዕንባ ነው ያለው። እኛ ዕንባውን ጥለን ሹሩባውን አነሣን። ከዚያ ወዲህ የመጣው መንግሥትም ተቃዋሚም ሰውየውን ለየሰልፉ አስነሣው፤ ካናቴራ ላይ አተመው። እያንዳንዱ የፈለገውን ኃይል ጨመረለት፤ የማይፈልገውን ትዝታ ቀነሰለት። ዛሬ ያለን ቴዎድሮስ መንገድ መጥረግ አይችልም፣ መድፍ ማቅለጥ አይችልም፣ መጸጸትም አይችልም። የሚችለው መፎከር ነው።

የአሜሪካ የልጆች ሥዕላዊ መጽሔት ሠሪዎች እንኳ ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። ሱፐርማን የሚሉትን በራሪ ጀግናቸውን በ1992 እ.ኤ.አ. ገድለው በዓመቱ መለሱት፤ ሲመለስ ግን ኃይሉ ተሟጦ፣ ጥቁር ለብሶ፣ እንደ ሰው በእግሩ ነበር። ለሳንቲም የሚጻፍ ተረት ነው፤ ቢሆንም ሞት ዋጋ እንዳለው ያውቃል። እነሱን ደግሞ ለምን እንጠራለን? ደጃችን ላይ የሚነበበው ገድለ ጊዮርጊስ አይበቃም? ጊዮርጊስ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ በአራተኛው አክሊሉን ተቀበለ። በተነሣ ቁጥር የሚሄደው የት ነው? ወደ ገዳዩ ወደ ዱድያኖስ ፊት። ከሞት የተመለሰ ሰው ያላለቀ ጉዳይ አለው፤ የሚመለሰው ጉዳዩ ወዳለበት ነው። ጊዮርጊስ ወደ ገደለው ከሄደ፣ ካሣ ደግሞ ወደ ገደላቸው መሄድ አለበት።

በእርግጥስ የተመለሰ ነገር የለም? አለ እንጂ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከለንደን የእንግሊዝ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ጸጉሩ ተመለሰ። የአስከሬኑን ሥዕል የሠራው መኮንን ቤተሰብ ለሙዚየሙ የሰጠው ቁራጭ ጸጉር ነው። ስንት ዘመን በሺህ ግጥም ያስነሣነው አንበሳ እውነት ሲመጣ የመጣው በትንሽ ሣጥን ሆኖ ነው። አልፎከረም። ልጁ ዓለማየሁ ግን እስካሁን አልመጣም፤ በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፤ አጽሙ ይመለስ ሲባል የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. እምቢ አለ። ግፍ ነው፤ አብረን እንጮኻለን።

የመቅደላ ቅርስ ይመለስ ስንልም አብረን እንጮኻለን። እንግሊዞች ዘረፋውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ነው የወረዱት፤ 350 ያህል ብራናዎች ዛሬ ለንደን ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ከነዚያ ብራናዎች ብዙዎቹ መቅደላ እንዴት ወጡ? ንጉሡ ለሚያሠራው ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብሎ ከጎንደር አድባራት አስጭኗቸው ነው። ስለዚህ አንድ የጎንደር ብራና ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። «መልሱ!» ስንል ድምፃችን ለንደን ብቻ ደርሶ ለምን ይቆማል? ሁለተኛውን ዘራፊ እየረገምን ለመጀመሪያው ስንኝ የምንቋጥር ከሆነ፣ ለንደን ያለው ጠባቂ ቢስቅብን ምን እንመልሳለን?

ሐውልቱ ይፍረስ አላልንም። ፒያሳ ይቁም፤ የአውሮፕላን ማረፊያውም በስሙ ይጠራ። ያቃጠላት ከተማ ስሙን በራፏ ላይ መጻፏ የጎንደርን ትልቅነት ያሳያል እንላለን፤ ይህን ይቅርታ ግን ማን ጠይቆ ማን ሰጠ? የጻፈው የለም። ትልቁ ድርሰት እዚህ ተቀምጦ ሳለ ነው እኛ መቅደላ ለመቅደላ የምንንከራተተው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጥራዝ ሦስት ገጽ ባዶ አስቀርተናል። «ተነሥ» የሚል ግጥም አንቀበልም፤ ተነሥቷል እንበል። አዘዞ ላይ ይውረድ። ሠራዊት የለውም፤ ድምፁ ሰልሏል፤ የሚያውቀው ሰው የለም። እየጠየቀ ሽቅብ ይምጣ። የራሱን ሐውልት አይቶ ይለፍ፤ አይቶ ምን እንዳለ ጻፉልን። ቀሃን፣ ቁስቋምን ይዙር፤ በስም የሚያውቃቸውን ደብሮች እየጠራ የት ገቡ ይበል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲደርስ የቆሎ ተማሪ ይገናኘው፤ «አባቴ፣ ከየት አገር ነዎት? ማን ልበልዎ?» ይበለው።

ካሣ ይበል ወይስ ቴዎድሮስ፣ እሱን ለእናንተ ትተናል።