ልጆቻችን አዳራሹ ውስጥ ምን ሊፈልጉ ሄዱ?



ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚቆጣኝ ወላጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከመድረሳ ባልደረቦቼም መካከል "ይህ ሰውዬ ምን ነካው?" የሚል ይኖራል። ሆኖም ነገሩ ሆዴ ውስጥ ከርሞ ስላስቸገረኝ ልጽፈው ተገደድኩ።

ጉዳዩ ኮንሰርት ነው። "ኮንሰርት ሐራም ነው፤ ሌላ ምን ወሬ አለው?" ብላችሁ ገጹን ለመገልበጥ ከቸኮላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። እኔም እዚህ ኮልፌ ልጆች ሳስቀራ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ዘፈን በተጠየቅሁ ቁጥር መልሴ ከዚያች አንዲት ቃል አልፎ አያውቅም ነበር። ቃሏን ዛሬም አልተውኳትም። ነገር ግን ከእርሷ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ አንድ ልጅ አጥቻለሁ።

ልጁ ከጎበዝ ደረሶቼ አንዱ ነበር። ድምፁ መልካም ስለሆነ ታናናሾቹን እንዲያስቀራልኝ አደርገው ነበር። አንድ ቅዳሜ ሌሊት ኮንሰርት አድሮ እሑድ ጠዋት ዐይኑ ቀልቶ ደርስ መጣ። ጓደኞቹ ሹክ አሉኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ሠላሳ ልጅ ፊት አስነሥቼ "የሸይጧን እንግዳ መጣላችሁ" አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። እርሱ ምንም አልመለሰም፤ ሙስሐፉን ዘግቶ፣ ስሞ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደርስ ዝር አላለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አጠና ተራ አገኘሁት። ጣውላ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ይቀየመኛል ብዬ ስፈራ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና ሻይ ጋበዘኝ። ያን ጊዜ ነው "ለመሆኑ ያን ሌሊት ምን ልታይ ሄድክ?" ብዬ የጠየቅሁት። ልብ በሉ፣ በመጀመሪያው ቀን ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ ሁለት ዓመት ዘግይቼ መጠየቄ ነው።

እንዲህ አለኝ። ከሰፈር ልጆች ጋር ሆነው የመግቢያውን ገንዘብ ለወራት አጠራቀሙ። ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ተሰለፉ፤ ተፈተሹ፤ ገቡ። ዘፋኙ መድረክ ላይ የወጣው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። እስከዚያ ድረስ ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነበር፤ እግሩ ዛለ፣ ውኃው አለቀ፣ "ምን አመጣኝ?" አለ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። "ኡስታዝ፣ ድምፁን በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ ደረቴ ውስጥ ነው የገባው" አለኝ። በሺህ የሚቆጠር ሰው የስልኩን መብራት ወደ ላይ ያዘ። ሁሉም ቃሉን በቃሉ ያውቃል። አጠገቡ የነበረ ጨርሶ የማያውቀው ሰው ትከሻውን አቀፈው። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ፣ ምን ትሠራለህ ብሎ የጠየቀው የለም።

ቀጥሎ የተናገረው ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። "አይቆጡኝ እንጂ ኡስታዝ፣ ከዚያ በፊት እንዲያ የተሰማኝ የዒድ ቀን ነው። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ከኮልፌ በእግራችን ተክቢራ እያልን ስታዲየም ስንሄድ።"

ውድ አንባቢያን፣ የዒዱን ጉዞ የማያውቅ ኮልፌ ውስጥ የለም። ገና ሳይነጋ ከየመንደሩ ነጭ የለበሰ ሰው ይወጣል፤ በየመንገዱ ይገናኛል፤ ጦር ኃይሎችን አልፎ ሜክሲኮ ሲደርስ ጎርፍ ይሆናል። አዲስ አበባ ስታዲየም ሞልቶ ሰዉ አስፋልቱ ላይ ይሰግዳል። የማያውቁት ሰው ምንጣፉን ያካፍላችኋል። ልጁ የጠማው ይህ ነበር፤ ጀማዓ። ዒድ ግን በዓመት ሁለት ቀን ነው። በቀሩት ቀናት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን አዘጋጀንለት? ፈጅር ላይ ቢመጣ ሽማግሌዎች ወደ ኋላ ሰልፍ ይገፉታል፤ ከሶላት በኋላ መስጂዱ ግቢ ቆሞ ቢስቅ ዘበኛው ይቆጣዋል፤ ደርስ ቢመጣ እንደ እኔ ያለው ኡስታዝ ያሳፍረዋል።

በፊቅሁ በኩል አትጠራጠሩኝ። የአራቱ መዝሀቦች ብዙኃን ዑለማ የሙዚቃ መሣሪያን ከልክለዋል፤ እኔም የምከተለው እርሱን ነው። ኢብን ሐዝም ፈቅደዋል፤ ኢማሙ አል-ገዛሊም በኢሕያእ ኪታባቸው ስለ ማዳመጥ ሰፊ ምዕራፍ ጽፈው ከነመሥፈርቱ የሚፈቀደውን ከማይፈቀደው ለይተዋል። ይህን የማነሣው በር ለመክፈት አይደለም። እነዚያ ታላላቅ ሰዎች ጉዳዩን በምዕራፍ ሲመረምሩት እኛ በአንድ ስድብ መጨረሳችን ስለሚያሳፍረኝ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ አባቶች ልምጣ። ማሕሙድ አሕመድ በጥር 2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ የስንብት ኮንሰርታቸውን አቀረቡ። የመርካቶ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ጫማ ጠርገዋል፤ በንጉሡ ዘመን በክቡር ዘበኛ ባንድ ዘፍነዋል። ያን ሰሞን አንድ የማውቃቸው የኮልፌ አባት፣ ልጃቸውን ስለ ኮንሰርት ከቤት አባርረው የነበሩ ሰው፣ ከስልካቸው ላይ ያን ስንብት እያዩ እንባቸውን ሲጠርጉ ደረስኩባቸው። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። የእርሳቸው ዘፋኝ "ትዝታ" ሲሆን የልጃቸው ዘፋኝ "ፊትና" የሆነው በምን ሚዛን ነው? ካሴቶቹ ዛሬም ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ናቸው። ልጅ ደግሞ ቁም ሣጥን ይከፍታል።

ከአዳራሹ ጋርስ እንዴት ተዋወቅን? ያስታወሳችሁ እንደሆነ ሚሊኒየም አዳራሽ የተሠራው ለ2000 ዓ.ም. በዓል ነው። በዋዜማው ሌሊት ብላክ አይድ ፒስ የሚባሉት አሜሪካውያን እዚያ ዘፈኑ። ለእኛ ያ ሰሞን የሸዕባን ማለቂያ፣ የረመዳን ደጃፍ ነበር። እኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበርኩ፤ መስጂድ በር ላይ ቆመን "ጨረቃ ታየች?" እንባባላለን፣ ከተማው ርችት ይተኩሳል። ረመዳን ወጥቶ ዒዱን ካከበርን ከሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ በዚያው ጥቅምት ቢዮንሴ መጣች። እንግዲህ በሁለቱ ኮንሰርቶች መካከል አንድ ሙሉ ረመዳን ነበረ ማለት ነው። ወጣቱ ሠላሳ ሌሊት ተራዊሕ ላይ በእጃችን ነበር። እኛ ግን ስለ ኮንሰርቱ ክፋት ሰበክንለት፣ ዒዱን ሰገድን፣ በማግስቱ ሁሉም ወደየቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ።

በ2012 ያው አዳራሽ የኮቪድ ሕሙማን ማከሚያ ሆነ፤ ሰው ይጨፍርበት የነበረው ወለል ላይ አልጋ ተደረደረ። የእኛም መስጂዶች ተዘግተው ዒዱን በየቤታችን ሰገድን። ያን ጊዜ ሁላችንም፣ ሽማግሌውም ጭምር፣ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መቆም ምን ያህል እንደሚናፍቅ አይተናል። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን ረሳነው።

"እንግዲያውስ ተዋቸው ይሂዱ፤ ጥበብ ነው፤ ወጣትነት ነው" የሚሉም አሉ። ለእነዚህም መልስ አለኝ። ኮንሰርቱን ማን እንደሚከፍለው አይታችኋል? በ2006 በደሌ ቢራ የቴዲ አፍሮን "ወደ ፍቅር ጉዞ" ኮንሰርቶች ስፖንሰር ሊያደርግ ተዋውሎ ነበር፤ በኢንተርኔት ተቃውሞ ሲነሣና "ቢራውን አንጠጣም" ሲባል ኩባንያው ስፖንሰርነቱን ተወ። ስለ ተቃውሞው ክርክር ውስጥ አልገባም። እኔን የገረመኝ የፍቅር ጉዞ ስንቁን ከቢራ ጠማቂ መጠበቁ ነው። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሸጥ ከለከለ። አልሐምዱሊላህ እንላለን። ነገር ግን ከስክሪኑ የወጣው ቢራ በአዳራሽ በር እንደማይገባ ማን ዋስ ይሆነናል? ልጁ ራሱ አጠገቡ የነበረው ሰው ያቀፈው ጠጥቶ እንደነበር አልደበቀኝም። ያ እቅፍ በነጋታው አልተገኘም። ሌሊቱን ታክሲ አጥተው ከጓደኞቹ ጋር አንድ በረንዳ ሥር ሲንቀጠቀጡ አነጉ፤ ፈጅር አለፋቸው፤ ያጠራቀሙት ገንዘብ አለቀ። ትከሻውን ያቀፈውን ሰው ስም እስከ ዛሬ አያውቀውም።

ደግሞም የመጨናነቁ ነገር አለ። ልጁ አንድ ጊዜ ከኋላ ሲገፉት እግሩ ከመሬት እንደተነሣ ነግሮኛል። ይህ ቀልድ አይደለም። በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ በኖቬምበር 2021 በአንድ የራፕ ዘፋኝ ኮንሰርት ላይ ዐሥር ሰዎች ተጨናንቀው ሞቱ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው የሚሞተው የግድ ተረግጦ አይደለም፤ ደረቱ ከፊትና ከኋላ ተጨፍልቆ አየር ማስገባት ሲያቅተው ቆሞ እያለ ይሞታል። በዚህ ግን አንኩራራ። በ1990 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሚና ላይ በእግረኞች ዋሻ ውስጥ 1,426 ሑጃጅ አልቀዋል፤ በ2015ም ያው ሚና ላይ ብዙ ሕዝብ አጥተናል። ብዙ ሰው ባለበት ሁሉ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ኒያ ብቻውን አየር አይሰጥም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው። አንዳንድ ወንድሞች ችግሩ ገብቷቸው "ኢስላማዊ ኮንሰርት" ማዘጋጀት ይዘዋል። ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ከፊት የቪአይፒ ሶፋ፣ ከኋላ የድሃ ልጅ ቆሞ፣ ሙንሺዱ ሲወጣ ጩኸት፣ ስልክ ወደ ላይ፣ ከዚያ ፎቶ ለመነሣት ግፊያ። ቃሉ ተለወጠ እንጂ ልጁን ያው ተመልካች አደረግነው። ደግሞ በቲኬት! የወሎ አባቶቻችን እነ ጀማ ንጉሥ ዘንድ መንዙማ ሲባል ሕዝቡ ሁሉ ተቀባይ ነበር፤ ከዳር ተቀምጦ የሚያይ፣ ከፍሎ የሚገባ አልነበረም። (ስለ መውሊድ ያለውን ክርክር ለዛሬ ተዉልኝ፤ ደብዳቤ አትጻፉብኝ።) ድሃውም ሀብታሙም አንድ መደብ ላይ ተቀምጦ "አሚን" ይላል።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አልከለከሏቸውም። እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) አቁመው፣ ራሷ እስክትሰለች ድረስ እንድታይ ጠበቋት። ሐበሾች ናቸው እኮ! የእኛው ወገኖች፣ በእርሳቸው መስጂድ ውስጥ! ዛሬ የእነዚያ ሐበሾች ልጅ ልጆች በኮልፌ መስጂድ ግቢ ኳስ ቢያንከባልሉ ኳሱ ይቀደዳል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቀድጃለሁ፤ አላህ ይማረኝ።

ከልጁ ጋር ሻዩን ጠጥተን ስንነሣ ይቅርታ ጠየቅሁት። "ተመለስ" ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም፤ ወዴት ልመልሰው? ወደዚያው ወደሳቁበት ክፍል? ስለዚህ ሌላ ነገር አሰብን። ቅዳሜ ማታ ከመግሪብ በኋላ የመድረሳው ግቢ ለወጣቶች እንዲከፈት፤ ከዒሻ በፊት ኳስና ሻይ፣ ከዒሻ በኋላ ሁሉም የሚቀበለው መንዙማና ነሺዳ፤ ቲኬት የለ፣ ቪአይፒ የለ፣ በ4 ሰዓት ሁሉም ወደ ቤቱ። ለእህቶችም በራሳቸው ቀን። ወጪው የሻይ ቅጠልና የስኳር ብቻ ነው። ሰባት ወላጆች ፈርመውበት ለኮሚቴው ማመልከቻ አስገባሁ።

ከኮሚቴው አንዱ ሽማግሌ "ኡስታዝ፣ መድረሳውን ክበብ ልታደርገው ነው?" አሉኝ። ሌላው "ልጆቹ ከመጡ ግቢው ይቆሽሻል" አሉ። ግቢውን እኔ እጠርጋለሁ አልኩ። "ይታያል" ተባለ። ይኸው ሦስት ወር አለፈው።

ልጁ ለአግዳሚ ወንበር የሚሆን ጣውላ ከአሠሪው በቅናሽ ገዝቶ አስቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ጣውላው ዝናብ እየመታው ስለሆነ ወዴት ያምጣው እንደሆነ ይጠይቀኛል።