የትኛው ራስ ኃይሉ?

«ራስ ኃይሉ ጎጃምን ለጣሊያን ሸጠ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት አልቆጥረውም። «ራስ ኃይሉ አርበኛ ነበር» የሚለውንም እንዲሁ። ሁለቱ ተናጋሪዎች ፊት ለፊት ቢገናኙ አንዱ ሌላውን ውሸታም ብሎ ይነሣል። ለሁለቱም ግን የጎደላቸው አንድ ቃል ነው፤ የአባት ስም።

ጎጃም በኃይሉ ድሃ ሆኖ አያውቅም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አገሩን የገዙት ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ ናቸው፤ በእናታቸው በወለተ እስራኤል በኩል የእቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጅ። በዚያው ዘመን ደጃዝማች ኃይሉ እሸቴ የሚባሉ ሌላ ባለማዕረግ ነበሩ፤ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል አሰባስበው ያጻፉ ታላቅ ሰው። አንዱን ከሌላው የምንለየው በአባታቸው ስም ነው። እነዚህ ግን ሩቅ ናቸው፤ ጠብ አያነሡብንም። ጠቡ ያለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኃይሉዎች ላይ ነው።

ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት የጎጃሙ ንጉሥ ልጅ ናቸው። ጎጃምን ለረጅም ዘመን ገዙ፤ በሀብታቸውና በግብር አከባበዳቸው ስማቸው ወጣ። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ሲያመልጡ እጃቸው አለበት ተብሎ ግዛታቸው ተወሰደ፤ ታሰሩም። ጣሊያን ሲገባ ከጣሊያን ጋር ቆሙ። ኋላም አርበኛው ሲያይልበት ጠላት ሕዝቡን ይከፍልልኛል ብሎ ወደ ደብረ ማርቆስ የመለሳቸው እርሳቸውን ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዪቱ ሲገቡ ግን እጃቸውን ሰጡ። ልጅ ኃይሉ በለው ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ነው። ከነመንገሻ ጀምበሬ፣ ከነነጋሽ በዛብህና ከነበላይ ዘለቀ ጋር ስሙ ከሚነሣ የጎጃም አርበኞች መሪዎች አንዱ እርሱ ነው። ከድል በኋላም ራስ ተብሎ ጎጃምን አስተዳደረ።

አንባቢ ልብ ይበል። ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ራስ ተብለዋል፤ ሁለቱም ጎጃምን ገዝተዋል፤ ሁለቱም በአንድ ዘመን ኖረዋል። «ከነገሩ አገባብ ይታወቃል» የሚሉኝን ሰዎች የምጠይቃቸው ይህንን ነው፤ የትኛው አገባብ? እንዲህ ተደራርበው ለቆሙ ሁለት ሰዎች ከአባት ስም በቀር ምን መለያ ቀረ? ያም ሆኖ የአባት ስም የሚዘለለው ሁልጊዜ በስንፍና ብቻ አይመስለኝም። ጎጃምን መስደብ የሚሻ የአጎትየውን ሥራ በወንድም ልጅ ላይ ይደፋል። ጎጃምን ማወደስ የሚሻም የወንድም ልጅን አርበኝነት ለአጎትየው ያለብሳል። ስሙ እንደ ጋቢ ነው፤ ለፈለጉት ትከሻ ይበቃል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ተረትም እዚህ ላይ አይረዳንም። የአጎትየው የመጀመሪያ ስም ስዩም ነበር፤ ኃይሉ የተባሉት በኋላ ነው። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር ወደ አውሮፓ ሲሄዱ አብረዋቸው የተጓዙት የትግሬው ራስ ስዩም መንገሻ ናቸው፤ የቀድሞ ስማቸውን ይዘው ቢሆን ኖሮ አንዲት መርከብ ሁለት ራስ ስዩም ባሳፈረች ነበር። አባታቸውም ቢሆኑ ራስ አዳል ተሰማ ነበሩ። በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሲያነግሧቸው የጻድቁን ስም ወሰዱና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ይኸው ስም በጎንደርም ነበር፤ አባቱን ታላቁን ኢያሱን አስገደለ የተባለው ዐፄም ተክለ ሃይማኖት ነው። ለደብረ ሊባኖሱ ጻድቅና ለአባቱ ገዳይ ያው አንድ መልአክ ስም አወጣ እንበል?

የቀድሞ ሰዎች ግን ሞኝ አልነበሩም። የጎንደሩን «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ብለው ለዩት። ለጀግናው የፈረስ ስም ሰጡት፤ አባ ኮስትር ሲባል የትኛው በላይ ብሎ የሚጠይቅ ጎጃሜ አልነበረም። መለየትን ከእነርሱ ወርሰን ነበር፤ እኛ ጣልነው።

ፈረንጆቹን መውቀስ ቀላል ነው። ቀዳማዊ ኃይሉ፣ ዳግማዊ ኃይሉ እያሉ እንደ ራሳቸው ነገሥታት ቁጥር ይለጥፉባቸዋል፤ የእንዶዳሙን ሐዲስ ዓለማየሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ በአባታቸው ስም ሥር ይመዘግቧቸዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ቄሱ አባታቸው ይመስል። እሺ፣ እነርሱ የአባት ስም የቤተ ሰብ ስም መስሏቸው ነው። እኛስ? የእኛ ጥፋት ተቃራኒው ነው፤ እነርሱ አባቱን ብቻ ያስቀራሉ፣ እኛ አባቱን እንጥላለን። የእኛው የከፋ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም እኛ እናውቃለን።

የአባት ስም ሲጻፍ እንኳ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጥር 1937 ዓ.ም. ከበላይ ዘለቀ ጋር የተሰቀለው ማሞ ኃይሉ የየትኛው ኃይሉ ልጅ ነው? የአጎትየው ነው፤ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት። ይህን ያልነገሩት ወጣት የአርበኛው የኃይሉ በለው ልጅ ከአርበኛው ከበላይ ጋር በአንድ ግንድ ተሰቀለ ብሎ ሌላ ታሪክ ይሠራል፤ ያለቅሳልም።

አዲስ አበባ ውስጥ ራስ ኃይሉ ሜዳ የሚባል የኳስ ሜዳ አለ። ስሙ የሚጠራው ያለ አባት ነው። እዚያ ከሚጫወቱት ልጆች አንዱ «የትኛው ራስ ኃይሉ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በዙሪያው ከቆመው ሰው ስንቱ ይመልስለታል?